ከፎቶው ላይ የጠፋው በር

መጀመሪያ ጥፋታችንን እናውራ፣ ታሪኩ ይደርሳል።

እኛ ልደታ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ልጆች ፎቶ "ማሳመር" ከጀመርን ቆይተናል። ላፕቶፑ የአንዳችን ነው፣ ፎቶሾፑ ደግሞ ከጓደኛ ጓደኛ በፍላሽ የመጣ (ፈቃዱን አትጠይቁን)። ለጉርድ ፎቶ ጀርባውን ነጭ እናደርጋለን፣ ለሰርግ ብጉር እናጠፋለን። ለለቅሶ ሲሆን ከመታወቂያ ላይ የተወሰደች ትንሽ ፎቶ አሳድገን፣ ከተፈለገም ሱፍ አልብሰን እንሰጣለን። ክፍያችን ቡና ነው። አንዳንዴ ምርቃት ብቻ።

አንድ ቀን ከብሎካችን አንዲት እናት ፍላሽ ይዘው መጡ። እማማ ነው የምንላቸው። ውስጡ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ከውጭ የመጣ ዘመድ በዲጂታል ካሜራ ያነሳው። ሟች ባለቤታቸው ጋቢ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው የዛገ ቆርቆሮ አጥር፣ ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠ በር፣ ቢጫ ጄሪካን፣ የተሰጣ ልብስ።

"አሳምሩልኝ ልጆቼ፣ ለሙት ዓመቱ ነው" አሉን።

አሳመርንላቸው! ቆርቆሮው ጠፋ፣ ጄሪካኑ ጠፋ፣ ልብሱም በሩም ጠፋ። ሰውዬው ለስላሳ ግራጫ ጀርባ ላይ እንደ ሚኒስትር ብቻቸውን ቀሩ። ኮራን። ከዚያ "ሴቭ" አልነው፣ እዚያው ፋይል ላይ፣ እዚያው ፍላሽ ላይ።

እማማ ፎቶውን ትክ ብለው አዩትና "በሬስ?" አሉን። (ጠብቆ ይነበብ፣ ስለ ከብት አይደለም።)

ለእኛ ቆሻሻ የመሰለን ነገር ለካ ቤታቸው ነበር። የድሮው ልደታ በ2002 ዓ.ም. ግድም ሲፈርስ ከአጥሩም ከበሩም የተረፈ የለም። ዛሬ በቦታው ላይ እኛ የምንኖርባቸው ብሎኮች ቆመዋል፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ባቡሩ በአጠገባችን ያልፋል። ያ በር በዓለም ላይ የነበረው በአንድ ጄፔግ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። እሱንም እኛ አፈረስነው። ያውም ያለ ካሳ።

ከዚያ በኋላ ነው "ይሄ ፎቶ የመነካካት ነገር በአገራችን መቼ ተጀመረ?" ብለን ማንበብ የጀመርነው። ከፎቶሾፕ ጋር የመጣ መስሎን ነበር። ተሳስተናል።

አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 አዲስ አበባ ገብቶ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹ ሃይጋዝና አንትራኒክም በየተራቸው ሥራውን ወርሰው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። በዚያ ዘመን ሙያው ራሱ ግማሹ ማንሳት፣ ግማሹ ማስተካከል ነበር። በየትም አገር ያለ ፎቶ ቤት ኔጋቲቩን ከብርሃን ፊት ያቆምና በቀጭን እርሳስ የፊት መጨማደድ ያለሰልሳል፤ ጥቁርና ነጩን ፎቶ በእጅ ቀለም ይቀባል። "ሪታች" የሚለውን ቃል ከዚያ ነው የወረስነው። የእኛ ብሩሽ የዚያ እርሳስ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ዋናው ታሪክ ግን የልጅ ኢያሱ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት እየነደደ ነበር። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች ወጣቱ መሪ ወደ ቱርክና ጀርመን ያዘነብላል ብለው ሰግተዋል፣ መኳንንቱም የየራሳቸው ቂም አላቸው። በዚህ መሃል ኢያሱ እንደ ሙስሊም ጠምጥሞ የሚታይበት ፎቶ ሃይማኖቱን ለመለወጡ ማስረጃ ነው ተብሎ ተወራ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ ኢያሱ ከሥልጣን ወረደ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ።

በኋላ ደግሞ "ፎቶው የተቀጣጠለ ነው፣ የኢያሱን ጭንቅላት ሌላ ገላ ላይ ለጥፈውት ነው" የሚል ታሪክ መጣ። ብዙዎቻችን ያደግነው በዚህኛው ነው። ግን ነገሩ እንዲህ አይዘጋም። ኢያሱ ሐረርና አፋር ሲሄድ የአገሬውን ልብስ ይለብስ ነበር፣ ጥምጥም አድርጎም ተነስቷል። ኤስቴል ሶዬ የተባለች የታሪክ ተመራማሪ በዚህ ሰው አከራካሪ ፎቶዎች ላይ ብቻ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፋለች። እኛን የገረመን፣ ሐሰተኛ ፎቶ መሥራት እንደሚቻል ከታወቀ በኋላ እውነተኛውም አብሮ መጠርጠሩ ነው። አንድ ሰው የለበሰውን ልብስ እንኳ ከመቶ ዓመት በኋላ ማስረዳት አቃተን።

ሩሲያዎች ደግሞ በግልጹ ነበር የሚሠሩት። የስታሊን የጸጥታ ሹም የነበረው ዬዦቭ ከአለቃው ጋር ቦይ ዳር ቆሞ የተነሳው ፎቶ አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 ከተረሸነ በኋላ በወጣው ቅጂ ላይ ሰውዬው የለም፤ የነበረበትን ቦታ ውሃ ሞልቶታል።

ሳያጠፉም ግን መቀየር ይቻላል። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ የአዲስ ዓመት ዕለት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ ከሚያሳይ ምስል ጋር እያፈራረቀ ለሕዝብ አቀረበ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ረሃቡም እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው። ሥራው ያለው መቀሱ ላይ ነው።

ወደ እኛ መሣሪያ እንመለስ። ቶማስ ኖል የሚባል የአሜሪካ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረውን ፕሮግራም ከወንድሙ ከጆን ጋር አሳድጎት በየካቲት 1990 ፎቶሾፕ ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። ጆን ለማሳያ የሚጠቀምበት፣ የሴት ጓደኛው ቦራ ቦራ ባሕር ዳርቻ ላይ የተቀመጠችበትን ፎቶ ነበር፤ ደሴቱን ሁለት ያደርገዋል፣ እሷንም ይደግማታል። ፕሮግራሙ የተዋወቀው በገዛ ፎቶ ላይ በመቀለድ ነው እንግዲህ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጠባሳ የሚያድን ብሩሽ መጣ፤ በ2010 ደግሞ የጠፋውን ቦታ ፕሮግራሙ ራሱ ገምቶ መሙላት ጀመረ።

የሚሞላው ከጎረቤት እየተበደረ ነው። ጄሪካኑን ስታጠፉት ከአጠገቡ ያለውን ግድግዳ ቀድቶ ይለጥፍበታል። (ልደታን ከላይኛው ፎቅ ሆናችሁ ስታዩዋት፣ አንዱን ብሎክ እየቀዱ የለጠፉት ነው የሚመስለው።) ከሥር የነበረውን የሚያስታውሰው ፋይሉ እስኪዘጋ ነው። ስለዚህ ኦሪጅናሉን ኮፒ ሳታደርጉ፣ አዲስ ሌየር ሳትከፍቱ ምንም አትንኩ። ይህን እኛ የተማርነው በእማማ በር ነው።

የጠፋ ፋይል ይመልሳል የተባለ ፕሮግራም ሁሉ ሞከርን፣ አልሆነም። ስለዚህ ፍለጋ ወጣን። ከድሮው ሰፈር የተበተኑትን በስልክ፣ እዚሁ የቀሩትን በር እያንኳኳን። አልበሞች ወጡ፣ ቡናም ተፈላ። አንዲት ሴት የልጇን ክርስትና ፎቶ ስታሳየን፣ ከሕፃኑ ትከሻ ኋላ ግማሽ ሰማያዊ በር ታየን። ያው በር!

ክርክሩ ያኔ ጀመረ። ግማሾቻችን "ቆርጠን እንለጥፈው" አልን። ግማሾቻችን ኢያሱን አነሳን፣ ይሄም እኮ መቀጣጠል ነው። እማማን ጠየቅናቸው። "ለጥፉት እንጂ፣ ምን ያከራክራችኋል?" አሉ።

ለጠፍነው። ጥላው ግን አልገጠመም፤ ሰውዬው የተነሱት ጠዋት ነው፣ በሩ ከሰዓት በኋላ። የጎደለውን ግማሽ ከነበረው ግማሽ ገልብጠን ሞላነው። አሳትመን፣ ከጀርባው በእስክሪብቶ "በሩ ከሌላ ፎቶ የተወሰደ፣ ቀኝ ግማሹ የተሠራ" ብለን ጻፍንበት።

እማማ ገልብጠው አነበቡትና "ከኋላ ማን ሊያየው ነው?" ብለው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።