ሠራተኛው ማን ነው? የቆጠራ ታሪክ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ

ከምሥራቅ አፍሪካ ሠራተኛ ሕዝብ ምን ያህሉ በኢትዮጵያ ይኖራል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ቁጥሮችን ፈልጎ ማነጻጸር ነውና። ይሁንና የቁጥሮቹን ታሪክ ስንመረምር፣ መልሱ ከሕዝቡ ብዛት ባልተናነሰ «ሠራተኛ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ በየዘመኑ በተሰጠው ፍቺ እንደሚወሰን እንረዳለን። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በብሪታኒያ ቅኝ ግዛት በኬንያ ሠራተኛን መመዝገብ የተጀመረው ለቁጥጥር ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ ለአቅመ ሥራ የደረሰ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ የጣት አሻራውና የአሠሪው ስም የሰፈረበትን «ኪፓንዴ» የተባለ መታወቂያ እንዲይዝ ተገደደ። መዝገቡ ሊከታተል የፈለገው በሰፋሪዎች እርሻና በመሰል ሥራ ላይ የተሰማራውን ደመወዝተኛ ነበር። በገዛ ማሳዋ ስትደክም የምትውል እናት በዚያ መዝገብ ስፍራ አልነበራትም።

ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንጋኒካ በ1948 አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ ተካሄደባቸው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ቆጠራ ያካሄደችው ግን በ1984፣ ማለትም በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው። ውጤቱ 42 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ በጦርነት ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰባቸው የሰሜን አካባቢዎች ሕዝብ በግምት ተካቷል። ስለሆነም ከዚያ በፊት ኢትዮጵያን ከጎረቤቶቿ ጋር ያነጻጸረ ሁሉ ቆጠራን ከግምት ጋር ያነጻጸረ ነበር።

በ1972 የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ልዑክ በኬንያ ባደረገው ጥናት፣ ከመደበኛ ቅጥር ውጭ ያለው ጥቃቅን ንግድና የእጅ ሥራ ብዙ ሰው እንደሚያስተዳድር አስታወቀ። «ኢ-መደበኛ ዘርፍ» የሚለው ስያሜ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀደም ሲል ሥራ ፈት ተብሎ የታለፈው ሊስትሮና አንጥረኛ በሠራተኛነት መታየት ጀመረ።

በ2013 ደግሞ ሌላ ለውጥ መጣ። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ የተካሄደው ብሔራዊ የሥራ ጥናት፣ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ አብዛኛውን በሠራተኛ ኃይልነት መዘገበ። በዚያው ዓመት ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ግን ለቤቱ ፍጆታ ብቻ የሚያመርት ገበሬ «ይሠራል» እንጂ «ተቀጥሯል» አይባልም ሲሉ ወሰኑ። ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀምም ከዚሁ ጎራ ተመደቡ። ኢትዮጵያ በ2021 ባካሄደችው ጥናት አዲሱን መለኪያ ተከትላለች። እንግዲህ በሁለቱ ጥናቶች መካከል ገበሬው ከማሳው ሳይርቅ ከሠራተኛ ኃይል ሊወጣ ይችላል።

የዕድሜው ወሰንም ልብ ሊባል ይገባዋል። የኢትዮጵያ ጥናት ከ10 ዓመት ሲጀምር፣ በኬንያ የተለመደው ከ15 እስከ 64 ያለውን መቁጠር ነው። ከብት የሚጠብቀው የ12 ዓመት ልጅ ከድንበሩ ወዲህ ሠራተኛ፣ ወዲያ ልጅ ነው።

«ቀጣናው» ራሱም አንድ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ምሥራቅ አፍሪካ ሞዛምቢክንና ዚምባብዌን ይዞ ሱዳንን ይተዋል፤ በዚያ ስሌት የኢትዮጵያ ሕዝብ ከአራት አንድ ገደማ ይሆናል። ሱዳንን በሚያካትተው በኢጋድ ቀጣና ግን ከአምስት ሁለት እጅ ይጠጋል።

በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ተመሥርቶ የሥራ ዕድል ይታቀዳል፣ በጀት ይመደባል። ስለዚህ ከድምሩ አስቀድሞ የሚጠየቀው ማን እንደተቆጠረና ማን እንደተዘለለ ነው። ኪፓንዴ የዘለላት እናት ዛሬም እንስራዋን አዝላ ወንዝ ትወርዳለች።