ዳኛው ለምን ነፋ? የቅርጫት ኳስ ፋውል አጭር ታሪክ

በአሽዶድ ብዙ ልጆቻችን ቅርጫት ኳስ፣ በዕብራይስጡ ካዱርሳል፣ ይጫወታሉ። እኛ ወላጆች ግን ፊሽካው ሲነፋ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አይገባንም። ያልገባን ፍርድ ደግሞ አድልዎ ይመስለናል። ስለዚህ የሕጉን አመጣጥ ባጭሩ እናቀርባለን።

ጨዋታውን በ1891 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈጠረው መምህር ጄምስ ኔይስሚዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ 13 ሕጎች የቅጣት ውርወራ የሚባል አልነበረም። መግፋት፣ መያዝና መጥለፍ ክልክል ነበር፤ አንዱ ቡድን በተከታታይ ሦስት ጊዜ ካጠፋ ለተጋጣሚው አንድ ጎል ይቆጠር ነበር። የቅጣት ውርወራ የመጣው ቆይቶ ነው። እሱንም ቢሆን እስከ 1920ዎቹ ድረስ የተበደለው ሳይሆን ቡድኑ የመረጠው ጎበዝ ወርዋሪ ሊወረውረው ይችል ነበር።

በ1932 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ በጄኔቭ ተመሠረተ። የአሜሪካው ኤንቢኤ ግን እስከ ዛሬ የሚመራው በራሱ ሕግ ነው። የሦስት ነጥብ መስመርን ኤንቢኤ በ1979፣ ፊባ በ1984 ተቀበሉ። በኤንቢኤ ከመስመሩ ውጭ ሲወረውር የተመታ ተጫዋች እስከ 1994 ድረስ ሁለት ውርወራ ብቻ ያገኝ ነበር። ሦስት ነጥብ ከማስቆጠር ይልቅ መምታት ለተከላካዩ ያዋጣው ስለነበር ውርወራው ሦስት ሆነ።

ዛሬ በሁለቱም ሕጎች ኳሱ ካልገባ እንደ ርቀቱ ሁለት ወይም ሦስት ውርወራ ይሰጣል፤ ከገባ ነጥቡ ይቆጠርና አንድ ይጨመራል። በኤንቢኤ ተጫዋች በስድስተኛው ፋውል ይወጣል፤ በፊባ ግን በአምስተኛው ነው። ኤንቢኤ በ2021 ደግሞ ፋውል ለማግኘት ሲል ሆን ብሎ ወደ ተከላካዩ የሚዘል ወርዋሪ እንዳይሸለም ወሰነ።

እስራኤል የፊባ አባል ስለሆነች እዚህ መሠረቱ የፊባ ሕግ ነው። በቴሌቪዥን ኤንቢኤ የሚያይ ልጅ ከዳኛው (ሾፌት) ጋር የሚከራከረው አንዳንዴ በዚህ ልዩነት ነው።

ዳኛው የሚመለከተው በተለይ ሦስት ነገር ነው። ልጁ መወርወር ጀምሮ ነበር? ተከላካዩ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ በቦታው ነበር ወይስ ገፍቶ ገባ? የዘለለው ልጅ የሚያርፍበት ቦታ ተተወለት? ወርዋሪው ሲያርፍ ከሥሩ እግር ማስገባት ቁርጭምጭሚት የሚያጣምም አደገኛ ጥፋት ነው።

ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኙን «አቬራው ምን ነበር?» ብለን በትሕትና እንጠይቅ። ሕጉን ያወቀ ወላጅ ልጁን ከንዴት ያድናል፤ እውነተኛ በደል ሲመጣም ለይቶ ይናገራል።