«ብላክ ሃውክ ዳውን» እና የተዘለሉት ሁለት ቀናት

ስለ ሶማሊያ የእርስ በርስ ጦርነት አንድ ገጽ ያላነበበ ሰው ሳይቀር የሞቃዲሾውን ውጊያ እንደሚያውቅ ሲናገር ይሰማል። የዕውቀቱ ምንጭ ሲጠየቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፊልም ነው፤ ዝነኛው እንግሊዛዊ ዳይሬክተር ሪድሊ ስኮት በ2001 መጨረሻ ለተመልካች ያቀረበው «ብላክ ሃውክ ዳውን»። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ በምስል ቅንብርና በድምፅ ሁለት የኦስካር ሽልማቶችን ወስዷል፤ ስኮትም በዳይሬክተርነቱ ታጭቶበታል። ከሽልማቱ ይልቅ የጸናለት ስም ግን «ጦርነትን እንዳለ ያሳየ ፊልም» የሚለው ነው። ጥያቄውም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

በሙያው በኩል የተሰጠው ምስጋና አይበዛበትም። ሄሊኮፕተሮቹ የሚያስነሱት አቧራ፣ ከየጣሪያው የሚወርደው ጥይት፣ በጠባቡ ጎዳና ሲባዝን የሚቆስለው የመኪና አጀብ ተመልካቹን ከወንበሩ ያስነሳሉ። በተለይ ከላይ የሚያንዣብበው አውሮፕላን አቅጣጫ ሲያመለክት፣ መልእክቱ በሌሎች እጅ ዞሮ እስኪደርስ መኪኖቹ መታጠፊያውን አልፈውት የሚገኙበት ክፍል፣ አንድ ዘመቻ በትንሽ መዘግየት እንዴት እንደሚበላሽ ከብዙ ወታደራዊ ሪፖርት በተሻለ ያስረዳል። ከተማው ሞቃዲሾ አለመሆኑን፣ ቀረጻው በሞሮኮ መካሄዱን የሚያስታውስ ተመልካች ጥቂት ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ኦክቶበር 3 ቀን 1993 (መስከረም 23 ቀን 1986 ዓ.ም.) የአሜሪካ ልዩ ጦር የጄኔራል መሐመድ ፋራህ አይዲድን ሁለት ረዳቶች ለመያዝ በባካራ ገበያ አቅራቢያ ወረደ። በአንድ ሰዓት ያህል ይጠናቀቃል የተባለው ዘመቻ፣ ሁለት ሄሊኮፕተሮች ከተማው ውስጥ ተመትተው ሲወድቁ እስከ ማግስቱ ጠዋት ዘለቀ። በውጊያው 18 አሜሪካውያን ሞቱ። የሶማሌዎቹ ሟቾች ግምት ከጥቂት መቶዎች እስከ አንድ ሺህና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በፊልሙ እነዚህ ሰዎች ሮጠው ይመጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ሌሎች ይተካሉ።

ፊልሙ የተመሠረተበት የማርክ ቦውደን መጽሐፍ እንኳ እንዲህ አላደረገም። ቦውደን ሞቃዲሾ ድረስ ሄዶ ሶማሌዎችን አነጋግሯል፤ ውጊያውንም በእነርሱ ዓይን ጭምር ጽፎታል። ወደ ፊልም ሲገለበጥ ይህ ግማሽ ተቆርጦ ቀረ። ዑስማን ዓሊ አቶ የተባለውን የአይዲድ ባለሀብት ደጋፊ ሆኖ የተጫወተው ግሬናዳ የተወለደ እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው፤ አቶ ራሱ በሕይወት ሳለ ፊልሙን አይቶ የተሳለው እርሱ እንዳልሆነ ለቢቢሲ ተናግሯል። ሶማሌ ተመልካቾችም በተዋንያኑ መልክና አነጋገር ራሳቸውን አላገኙበትም። የተከበቡትን ወታደሮች ያወጡት የማሌዥያ ብረት ለበስ መኪኖችና የፓኪስታን ታንኮች መሆናቸውም በጨረፍታ የሚታለፍ ነገር ሆኗል። የፓኪስታኑ ፔርቬዝ ሙሻራፍ በ2006 ባሳተሙት ግለ ታሪክ በዚህ ቅሬታቸውን ገልጸዋል፤ ማሌዥያውያን ደግሞ በ2023 የራሳቸውን ፊልም ሠሩ።

ለስኮት የሚከራከሩ ወገኖች መልስ አላቸው። ፊልሙ የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ውጊያ ነው፤ የሚያሳየውም በጥይት መካከል ያለ የሃያ ዓመት ወታደር የሚያየውን ብቻ ነው፤ ያ ወታደር ፖለቲካውን አያውቅም። ክርክሩ ክብደት አለው። ነገር ግን ፊልሙ ራሱ በዚህ አልተወሰነም። በመግቢያውና በመዝጊያው በጽሑፍ ታሪክ ይነግረናል፤ ታሪክ ነጋሪ ከሆነ ደግሞ እንደ ታሪክ ነጋሪ መመርመሩ አይቀርም። (በነገራችን ላይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የፕላቶ ተብሎ የሚነበበው አባባል በፕላቶ ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም፤ በ1922 በታተመ መጽሐፉ ያሰፈረው ጆርጅ ሳንታያና ነው።)

የመግቢያው ጽሑፍ ረሃቡን ይጠቅሳል፤ ቀጥሎ በጁን 1993 የአይዲድ ታጣቂዎች 24 የፓኪስታን ሰላም አስከባሪዎችን መግደላቸውን ይናገራል፤ ከዚያ ልዩ ጦሩ ወደተላከበት ወደ ኦገስት መጨረሻ ይዘልላል። የተዘለለው ጁላይ ነው። ጁላይ 12 ቀን የአሜሪካ ኮብራ ሄሊኮፕተሮች የአይዲድ ጎሣ የሆኑት የሀብር ጊዲር ሽማግሌዎችና ሹማምንት የተሰበሰቡበትን የአብዲ ቀይብዲድን ቤት በሚሳይል ደበደቡት። የተባበሩት መንግሥታት የሟቾቹን ቁጥር 20 አለ፤ ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል 54 ቆጠረ። ጉዳቱን ፎቶ ሊያነሱ ከደረሱት ጋዜጠኞች አራቱን፣ ማለትም ኬንያውያኑን ሆስ ማይናንና አንቶኒ ማቻሪያን፣ ናይሮቢ ያደገውን ዳን ኤልደንን፣ ጀርመናዊውን ሃንሲ ክራውስን፣ በቁጣ የነደደው ሕዝብ ገደላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ አይዲድን የማይወዱ የጎሣው አባላት ሳይቀሩ ከእርሳቸው ጎን ቆሙ። በፊልሙ ውስጥ ከየቤቱ መሣሪያ ይዞ የሚወጣው ሰው ለምን እንደወጣ ለማወቅ ይህን ቀን ማወቅ ግድ ይላል፤ ቀኑ በቦውደን መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ከፊልሙ ግን የለም።

የመዝጊያው ጽሑፍም የራሱ ዝላይ አለው። ከልዩ ጦሩ መውጣት በቀጥታ ወደ አይዲድ ሞት፣ ወደ ኦገስት 1996 ይሄዳል። በመካከሉ የቀረው ቀን ዲሴምበር 2 ቀን 1993 ነው። በጁን ወር በራሳቸው ላይ የ25 ሺህ ዶላር ወሮታ የተነገረባቸው፣ 18ቱ ወታደሮች ሠራዊታቸውን ለመምታት ሲሉ የሞቱባቸው አይዲድ፣ ከውጊያው 60 ቀን በኋላ ለሰላም ንግግር አዲስ አበባ ገቡ። ያመጣቸው የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ነበር። የጸጥታው ምክር ቤት ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት የማሰሩን ጥረት አስቁሟል፤ ዋሽንግተንም ያለ አይዲድ ድርድር እንደማይኖር ተቀብላለች። በዚያው ዓመት በማርች ወር አሥራ አምስት የሶማሊያ ቡድኖች፣ የአይዲድ ቡድን ጭምር፣ እዚያው አዲስ አበባ ስምምነት ፈርመው ነበር።

የዲሴምበሩ ንግግር ያለ ውጤት ተበተነ። የአሜሪካ ጦር በማርች 1994 ከሞቃዲሾ ወጣ፤ የተባበሩት መንግሥታት ኃይል ከአንድ ዓመት በኋላ ተከተለው። በጃንዋሪ 2002 የፊልሙ ሕገ ወጥ ቅጂ ሞቃዲሾ ደርሶ ሲታይ ተመልካቹ አሜሪካውያኑ ሲወድቁ አጨበጨበ፤ ከአዳራሹ ሲወጣ ግን ከተማውም ቋንቋውም የእኛ አይደለም ሲል ነበር።