ኒቆዲሞስ፤ ምድር ባቡር ያልደረሰላት ከተማ

ከተማ የሚቈረቈርበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ከተማ ንጉሥ ስለ ሰፈረበት፥ ሌላው ገበያ ስለ ቆመበት፥ ሦስተኛው ደግሞ ታቦት ስለ ገባበት ይከትማል። በዚህ ጽሑፍ ታሪኳን ላቀርበው የፈለግሁት ትንሽ የገበሬዎች ከተማ ግን የተቈረቈረችው በአንዲት ወረቀት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ወረቀቲቱም አምስት ዶላር የከፈለ ጥቁር ሰው ሁሉ ወደ ካንሳስ ለመሄድ እንደሚችል የምታስታውቅ፥ በአሜሪካ በኬንተኪ ግዛት የተበተነች ማስታወቂያ ነበረች። ዘመኑም በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1877 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

የከተማይቱ ስም ኒቆዲሞስ ይባላል። ይህ ስም ለኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በሌሊት ወደ ጌታ ለመማር በሄደው በዚያ ሰው ስም ይጠራልና። በካንሳስ ግን ስሙ ከወዴት እንደ መጣ ሁለት ዐይነት አነጋገር አለ። አንዳንዶቹ ከወንጌሉ ኒቆዲሞስ የተወሰደ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ግን ከአፍሪካ ተማርኮ ከተሸጠ በኋላ ራሱን በገንዘቡ ነጻ ያወጣ ኒቆዲሞስ የሚባል ባሪያ ነበር፥ ከተማይቱም የተሰየመችው በርሱ ነው ይላሉ። ሁለተኛው ትረካ በታሪክ ማስረጃ የጸና ባይሆንም፥ ሰፋሪዎቹ ለምን እንደ ወደዱት ለመረዳት አያስቸግርም።

በአሜሪካ የባርነት ሥርዐት በ1865 ዓ.ም. በሕግ ተሻረ። ይሁን እንጂ ነጻ የወጣው ሕዝብ አርነት እንጂ መሬት አልተሰጠውም ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ተመልሶ በቀድሞ ጌታው እርሻ ላይ እያረሰ፥ ከምርቱ ድርሻውን እያካፈለ ዕዳ ከፋይ ሆኖ ቀረ። በ1877 ዓ.ም. የመካከለኛው መንግሥት ይጠብቃቸው የነበረውን ወታደር ከደቡብ ግዛቶች ባነሣ ጊዜ ደግሞ የነበረው ጥቂት ዋስትና እንኳ ጠፋ። በሌላ በኩል በ1862 ዓ.ም. የወጣው የሰፋሪዎች ሕግ በምዕራብ በኩል ባለው ጠፍ መሬት ላይ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላለማ ሰው 160 ኤከር፥ ማለት ከአንድ ጋሻ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ መሬት በስሙ እንዲጻፍለት ይፈቅድ ነበር። ደብልዩ ሂል የሚባል ነጭ የመሬት ነጋዴና ስሚዝ የሚባል ጥቁር ሰባኪ የከተማ ማኅበር አቋቁመው ያን ወረቀት ያስበተኑት እንግዲህ በዚህ መካከል ነው። ሂል ትርፍ ፈልጎ ነበር። ሕዝቡ ግን የፈለገው ሌላ ነው።

በመስከረም 1877 ዓ.ም. ከ300 የሚበልጡ ሰዎች ከኬንተኪ ተነሥተው ኤሊስ እስከሚባለው ጣቢያ በባቡር መጡ። ከዚያ በኋላ ወደ 55 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በእግርና በጋሪ ተጓዙ። የደረሱበት አገር ዛፍ የሌለበት፥ ዐይን እስኪታክት የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር፤ ኬንተኪ ግን ደን የበዛበት አገር ነው። በሚቀጥለው ዓመት በጸደይ የመጣች ዊሊያና ሂክማን የተባለች ሴት ሽማግሌ ከሆነች በኋላ ያን ቀን ስታስታውስ፥ ኒቆዲሞስ የታለ ብላ በጠየቀች ጊዜ ባሏ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጢስ እንዳሳያትና በዚያው ቆማ እንዳለቀሰች ተናግራለች። ቤት የሚባለው በጕብታ ጐን የተቈፈረ ዋሻ ነበርና፥ ከላይ የሚታየው የምድጃው ጢስ ብቻ ነው። ከመጡት መካከል በርከት ያሉት በማግሥቱ ወደ መጡበት ተመለሱ። የቀሩትም በሂል ላይ እጅግ ተቈጡ። እኔ እንደሚመስለኝ የተመለሱትን ፈሪዎች ብሎ መንቀፍ አይገባም። የገቡላቸውን ቃል ኪዳንና የደረሱበትን ጕድጓድ ያነጻጸረ ሰው ይፈርድላቸዋል።

የመጀመሪያው ክረምት ጽኑ ነበር። በሰፈሩ ሁሉ የነበሩት ፈረሶች ሦስት ብቻ እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ስለዚህ ብዙው መሬት የተቈፈረው በአካፋና በዶማ ነው። ማገዶ የሚሆን እንጨት ስለ ታጣ ኩበት ለቅመው ያነዱ ነበር። የኛ አገር የገጠር እናት ብታያቸው ኖሮ በዚህስ አላዘነችላቸውም። ስንቃቸው ባለቀ ጊዜም ከአደን ይመለሱ የነበሩ የኦሴጅ ነገድ ሰዎች ካደኑት ሥጋ እንዳካፈሏቸው ልጆቻቸው እስከ ዛሬ ይተርካሉ። ኦሴጆች ራሳቸው ቀደም ብሎ ከካንሳስ መሬታቸው የተነሡ ሕዝቦች መሆናቸውን ሳስብ ይህ ነገር ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል። ወንዶቹ የጕልበት ሥራ ፍለጋ እስከ ባቡር ሐዲዱ ድረስ በእግራቸው ሲሄዱ፥ ዋሻውንና ማሳውን የሚጠብቁት ሴቶች ነበሩ። የሰባኪው የስሚዝ ልጅ የሆነችው ጄኒ ፍሌቸር በዚያው በዋሻ ቤቷ ውስጥ ልጆችን ሰብስባ ማስተማር ጀመረች። ባሏ ዛካሪ ፍሌቸር ደግሞ የመጀመሪያው የፖስታ ቤት ሹም ሆነ። እንግዲህ የከተማይቱ ሰዎች ከድንጋይ ቤት በፊት ትምህርት ቤትና ፖስታ ቤት ነበራቸው ማለት ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ይህን ታሪክ ስመረምር ሳላነሣው ለማለፍ ያልቻልሁት አንድ ሰው አለ። ኤድዋርድ ማኬብ በ1878 ዓ.ም. ወደ ኒቆዲሞስ መጣ። ቀድሞ በኒው ዮርክ የንግድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የሠራ ስለ ነበረ መዝገብ መያዝ ያውቃል። በ1880 ዓ.ም. የግሬሃም አውራጃ ሲቋቋም የአውራጃው ጸሐፊ ሆነ፤ በ1882 ዓ.ም. ደግሞ በሕዝብ ምርጫ የካንሳስ ግዛት የሒሳብ ተቈጣጣሪ ሆኖ ተሾመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በድጋሚ ተመረጠ። ሰፋሪዎቹ ሜዳው ላይ በደረሱ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከመካከላቸው አንዱ የግዛቲቱን ሒሳብ ሁሉ የሚመረምር ሹም ሆኖ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

በ1880ዎቹ ዓመታት ዝናቡ ሰመረ፥ ስንዴውና በቈሎውም አፈራ። ዋሻዎቹ በሣር ሥር በተቈረጠ የጭቃ ጡብ ቤት፥ ከዚያም በኖራ ድንጋይ ቤት ተለወጡ። በ1887 ዓ.ም. በከተማይቱ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት፥ ባንክ፥ ሆቴሎች፥ ሱቆች፥ የሙዚቃ ጓድ፥ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር፥ የቤዝ ቦል ቡድን፥ ይህ ሳይበቃ ሁለት ጋዜጦች ነበሩ። የጋዜጦቹ አዘጋጆች እርስ በርሳቸው ይነቃቀፉ ነበር፤ ይህም በራሱ ከተማ ከተማ መሆኑን ያሳያል።

የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ምድር ባቡር ነው። በዚያ ሜዳ ላይ እህል በጋሪ ጭኖ ሩቅ ጣቢያ ድረስ የሚወስድ ገበሬ ትርፉ በመንገድ ያልቃል። ስለዚህ ሕዝቡ በ1887 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥቶ፥ ሚዙሪ ፓሲፊክ የሚባለው የባቡር ኩባንያ ሐዲዱን በከተማይቱ በኩል እንዲያሳልፍ 16,000 ዶላር የሚያወጣ የዕዳ ሰነድ ሊሰጠው ወሰነ። ከጥቂት ዓመት በፊት ኩበት ለቅሞ ይሞቅ ለነበረ ሕዝብ ይህ ምን ያህል ሸክም እንደ ሆነ አንባቢ ይገምተው። ኩባንያው ግን አልመጣም። በ1888 ዓ.ም. ዩንየን ፓሲፊክ የተባለው ሌላው ኩባንያ ሐዲዱን ከሰሎሞን ወንዝ በስተ ደቡብ፥ ከከተማይቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ዘረጋ። የሐዲድ ሠራተኞች የሰፈሩበትም ስፍራ ቦግ የሚባል ከተማ ሆነ። የኒቆዲሞስ ነጋዴዎች ተራ በተራ ዕቃቸውን ጫኑ፤ አንዳንዶቹም ቤታቸውን ሳይቀር ነቅለው ወደ ቦግ ወሰዱ። ጋዜጦቹም ዝም አሉ። ማኬብም ወደ ኦክላሆማ ሄዶ እዚያ ሌላ የጥቁሮች ከተማ እንዲቈረቈር ደከመ።

ብዙ ጸሐፊዎች የኒቆዲሞስን ታሪክ በዚህ ይፈጽሙታል፤ ባቡር ስላለፋት ጠፋች ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ባቡሩን ተከትሎ የሄደው ነጋዴው ነው። መሬቱ በስሙ የተጻፈለት ገበሬ ግን አልሄደም። አባቱ በባርነት የኖረ ሰው፥ ተሸጭ የነበረ ሰው፥ በአውራጃው መዝገብ ላይ ስሙ ከነወሰኑ ሰፍሮ ሲያይ የባቡር ፉጨት በቀላሉ አያስነሣውም። መጥምቃውያን በ1907 ዓ.ም. አዲስ ቤተ ክርስቲያን፥ በ1918 ዓ.ም. ደግሞ ሕዝቡ አዲስ ትምህርት ቤት የሠራው ባቡሩ ካለፋት ከብዙ ጊዜ በኋላ መሆኑን መመልከት ይበቃል። ገበሬውን የጐዳው ኋላ የመጣው ነገር ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት ድርቅና የአቧራ ማዕበል ማሳውን ገፈፈው፤ ቀጥሎም ትልልቅ መኪናዎች መጥተው አሥር ቤተ ሰብ ያርሰው የነበረውን አንድ ሰው የሚያርሰው ሆነ። ልጆቹ ወደ ዴንቨር፥ ወደ ካንሳስ ሲቲና ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱ። በ1953 ዓ.ም. ፖስታ ቤቱ ተዘጋ፤ ትምህርት ቤቱም ከጊዜ በኋላ ተዘጋ።

በሥራዬ ቍጥር ስደምርና ስቀንስ የምውል ሰው ስለ ሆንሁ፥ በ2020 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የኒቆዲሞስ ነዋሪዎች 14 መሆናቸውን ባነበብሁ ጊዜ መዝገቡን ዘግቼ ልተወው ቃጥቶኝ ነበር። ነገር ግን ቈጠራው የማይቈጥረው ሕዝብ አለ። ከ1878 ዓ.ም. ጀምሮ ሰፋሪዎቹ በእንግሊዝ ሥር በነበሩት የካሪብ ደሴቶች ባሪያዎች በ1834 ዓ.ም. ነጻ የወጡበትን የነሐሴ መጀመሪያ ቀን ያከብሩ ነበር። ይህ በዓል ከጊዜ በኋላ ወደ ሐምሌ መጨረሻ ተዛውሮ፥ የተበተነው ዘር ወደ አገር ቤት የሚመለስበት በዓል ሆኗል። በ1932 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ተወልዶ በግሪን ቤይ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ስሙ የተጠራው ቬሪል ስዊትዘር እንኳ፥ በዩኒቨርሲቲ የኀላፊነት ሥራ ከያዘ በኋላ የአያቶቹን መሬት አልተወም፤ በ2022 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ገበሬ ነኝ ይል ነበር። የአሜሪካ መንግሥትም በ1996 ዓ.ም. ከተማይቱን ከነአምስቱ አሮጌ ሕንጻዎቿ ብሔራዊ የታሪክ ስፍራ አድርጎ በሕግ አጽንቷታል።

በሐምሌ መጨረሻ እንግዲህ መኪናዎች ከሩቅ ግዛት ይመጣሉ። በ1939 ዓ.ም. ከኖራ ድንጋይ በተሠራው የወረዳ አዳራሽ አጠገብ ምግብ ይዘረጋል፤ በብዙ መቶ የሚቈጠር ሰው በአያቱ ስም እየተጠራ ይተዋወቃል፤ ሽማግሌዎች ዋሻው የነበረበትን ጕብታ ለልጅ ልጆቻቸው ያሳያሉ። ሰኞ ሲሆን ሁሉም ይሄዳል። ስንዴው ከታጨደ ጥቂት ሳምንት ያለፈው ማሳ በየመንገዱ ግራና ቀኝ ባዶውን ይቀራል፤ ባለቤቶቹም በመጸው እንደገና ይዘሩበታል።