ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ፦ በበቅሎዎቹ መንገድ በብስክሌት

ዋሽንግተን ዲሲ ለዘመድ ጥየቃም ሆነ ለስብሰባ የሚመጣ ወገን አብዛኛውን ጊዜ አይቶ የሚመለሰው ዋይት ሐውስን፣ ሙዚየሞቹንና የገበያ ማዕከሎቹን ነው። ከፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ጆርጅታውን ከሚባለው ሰፈር ተነስቶ 297 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚዘልቅ፣ መኪና የማይሄድበት የጠጠርና የአፈር መንገድ መኖሩን ግን እዚሁ ለዓመታት የኖርን ሰዎች እንኳ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። እኔም ልብ ያልኩት ከአደጋ በኋላ ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና ገጨኝና ትከሻዬ ተሰበረ። ሦስት ወር ክንዴን አንጠልጥዬ ከረምኩ። ባለቤቴ ብስክሌቱን ምድር ቤት አስገብታ ቆለፈችበት፤ ቁልፉንም ወሰደችው። «ልጆች አሉህ፤ ካሁን በኋላ መኪና ባለበት መንገድ አይሆንም» አለችኝ። «መኪና በሌለበትስ?» ብዬ ጠየቅኳት። እንደዚያ ያለ መንገድ አሜሪካ ውስጥ የለም ብላ ነው መሰለኝ እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ ይህን መንገድ በየክፍሉ ጨርሼዋለሁ፤ አንድ ጊዜም በአምስት ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄጄበታለሁ። ቀጥሎ ያለው ለመሞከር ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል ያልኩት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ የተሠራው ለብስክሌት አይደለም፤ ለበቅሎ ነው። ቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ የተባለው የጀልባ ቦይ ቁፋሮ የተጀመረው ሐምሌ 4 ቀን 1828 ሲሆን፣ የመጀመሪያውን አፈር በአካፋ የዛቁት ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ነበሩ። ሐሳቡ ከፖቶማክ ተነስቶ ተራራውን በመሻገር ኦሃዮ ወንዝ ድረስ ለመዝለቅ ነበር። የሚገርመው በዚያው ቀን የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ሥራም ባልቲሞር ላይ ተጀመረ። ባቡሩ በ1842 ከምበርላንድ ሲገባ፣ ቦዩ በገንዘብ እጥረትና በሠራተኞች ሁከት እየተጓተተ፣ በ1832 ደግሞ ኮሌራ ብዙ የአየርላንድ ስደተኛ ቆፋሪዎችን ፈጅቶበት፣ እዚያ የደረሰው ስምንት ዓመት ዘግይቶ በ1850 ነው። ከዚያም አላለፈም። እንደዚያም ሆኖ በቅሎዎች ከ100 ቶን በላይ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎችን እየጎተቱ እስከ 1924 ሠርቷል። በዚያ ዓመት የደረሰው ጎርፍ ዘጋው።

ዛሬ ብስክሌት የምንነዳበት መንገድ በቅሎዎቹ ገመድ እየጎተቱ የሄዱበት የቦዩ ዳርቻ ነው። ለዚህም ነው ሜዳ የሆነው። ጠቅላላ ከፍታው በ297 ኪሎ ሜትር ውስጥ 184 ሜትር ብቻ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ለመድረስ የሚወጣው ዳገት ከዚህ ይበልጣል። ከፍታውን ጀልባዎቹ የሚወጡት እነርሱ ሎክ በሚሏቸው 74 የድንጋይ ገንዳዎች ነበር። ገንዳው ሁለት በር አለው፤ ጀልባው ሲገባ የኋላው ይዘጋል፣ ውኃው ይሞላል፣ ጀልባው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል፣ የፊተኛው በር ይከፈታል። ለብስክሌተኛው ይህ ማለት በሎክና በሎክ መካከል ፍጹም ሜዳ፣ ሎኩ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ፔዳል የሚጠይቅ አጭር ዳገት ማለት ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ግን ለጥቂት አስፋልት ሊሆን ነበር። መንግሥት ቦዩን በ1938 ከባቡር ኩባንያው በሁለት ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ሲያበቃ፣ በላዩ ላይ የመኪና መንገድ ለመዘርጋት ዕቅድ ወጣ። በጥር 1954 ዋሽንግተን ፖስት በርእሰ አንቀጹ ዕቅዱን ደገፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፉ፤ አዘጋጁ ከእሳቸው ጋር መንገዱን በሙሉ በእግሩ እንዲሄድና ከዚያ በኋላ ሐሳቡን እንዲሰጥ ጋበዙት። የጋዜጣው ሰዎች ግብዣውን ተቀበሉ። በመጋቢት ከከምበርላንድ ተነስተው በስምንት ቀን ዋሽንግተን ገቡ፤ ከተነሱት ውስጥ መንገዱን ሙሉውን በእግራቸው የጨረሱት ዳኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ናቸው። ጋዜጣው አቋሙን ለወጠ፣ የመኪናው መንገድም ቀረ። ቦዩ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። አንድ ዳኛ በሥልጣን ዘመኑ ከመንግሥት ዕቅድ ጋር እንዲህ በአደባባይ መሟገቱ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ አመሰግናቸዋለሁ።

ለጀማሪ የምመክረው ከጆርጅታውን እስከ ግሬት ፎልስ ፏፏቴ ያለውን 23 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መነሻው ላይ መንገዱ ጠባብና እግረኛ የሚበዛበት ስለሆነ ብስክሌት እየገፉ መሄድ ይቀላል። ከዚያ ወደ ላይ ሰው ይቀንሳል፤ በግራ ወንዙ፣ በቀኝ ቦዩ፣ ከላይ ዛፍ ነው። ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። 68ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቦዩ በሌላ ወንዝ ላይ የሚሻገርበት፣ በ1833 የተጠናቀቀው የሞኖካሲ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ሰባት ቅስቶች አሉት። ጀልባ ከወንዝ በላይ በድልድይ ሲያልፍ ማሰብ ለእኔ እስካሁን ግር ይለኛል።

98ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከወንዙ ማዶ ሃርፐርስ ፌሪ ትገኛለች። ጆን ብራውን በ1859 ባሮችን ለማስነሳት የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን የወረረባት፣ እነ ዱ ቦይስ የመሠረቱት የናያጋራ ንቅናቄ በ1906 የተሰበሰበባት ከተማ ናት። ድልድዩን በእግር ተሻግሮ ግማሽ ቀን ማሳለፍ ይገባል፤ አብዛኞቹ ብስክሌተኞች ግን ምሳ በልተው ያልፏታል።

ከዚያ በላይ መንገዱ ጭር ይላል። ከሁሉ የማልረሳው ከ250ኛው ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ያለውን የፖ ፖ ዋሻ ነው። ወንዙ እዚያ ደጋግሞ ስለሚጠማዘዝ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ለማሳጠር ሲሉ ተራራውን 950 ሜትር በሱት፤ በሁለት ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ ከ1836 እስከ 1850 ፈጀ። ውስጡ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሸክላ ጡብ ተደርድሮበታል፣ መብራት የለውም። የእህቴን ልጅ ይዤ ገብቼ ነበር፤ መኻሉ ላይ ስንደርስ «ጋሼ፣ ይኼ ነገር መጨረሻ አለው?» አለኝ። የብርሃኗ ነጥብ ከፊት ትታያለች፣ ግን የምትቀርብ አትመስልም። የእጅ ባትሪ ይያዙ፣ ከብስክሌቱ ይውረዱ፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከእንጨት መደገፊያው ማዶ ያለው ጥቁር ውኃ ነው።

ስለ መሣሪያ ብዙ የምለው የለኝም። ቀጫጭን የእሽቅድምድም ጎማ አይሆንም፤ 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ይበቃል። ዝናብ ከጣለ ሁለት ቀን መታገሥ ይሻላል፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ክፍል ገና ጭቃ ነው። ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ ይዞ መሄድ ግዴታ ነው፤ ከሃንኮክ በላይ ጎማ ቢተነፍስ ጠጋኝ በቅርብ አይገኝም። ፍጥነት በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር እንዲያልፍ አይፈቀድም፣ እግረኛና ፈረሰኛ ቅድሚያ አላቸው፣ ከኋላ ሲደርሱ ደወል መምታት ደንብ ነው። በየማደሪያው የውኃ መሳቢያ ቢኖርም በብርዱ ወራት ስለሚዘጋ የራስን ውኃ መያዝ ያስፈልጋል። እኔ ስንቄ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው፤ አይሻግትም፣ አይቀልጥም። በበጋ ማታ ማታ ገላን ለመዥገር መፈተሽ አይረሳ፤ እዚህ አገር መዥገር ላይም የተባለ በሽታ ታስተላልፋለች። ጎርፍ በየጊዜው መንገዱን ስለሚቆርጠው፣ ለረጅም ጉዞ ከመነሳት በፊት የትኛው ክፍል እንደተዘጋ የፓርኩን አስተዳደር ማረጋገጥ ጥሩ ነው። ወንዝና ገደል መኻል የሚያልፈው ቢግ ስላክዎተር የተባለው ክፍል ለምሳሌ በጎርፍ ተበላሽቶ ለዓመታት ተዘግቶ የተከፈተው በ2012 ነው።

ለመመለስ ከከምበርላንድ በየቀኑ የሚያልፈው የአምትራክ ባቡር ቦታ ቀድሞ ለያዘ ሰው ብስክሌት ይጭናል። መመለስ የማይፈልግ ደግሞ ይቀጥል፤ ከከምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ በአሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ ሌላ 240 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ በ2013 ተጠናቋል። ቦዩ በባቡር ተቀድሞ ሳይደርስበት የቀረው ቦታ ላይ ብስክሌት የሚደርሰው ባቡሩ በለቀቀው ሐዲድ መሆኑ ነው። ያንን ገና አልሄድኩበትም። ባለቤቴ ባለፈው ወር የራሷን ብስክሌት ስለገዛች፣ በመስከረም አብረን ልንሞክረው ተስማምተናል።