«ከዚያስ የሜዳ አህያው ምን ሆነ?»

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ ብታነቡት ይሻላል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ሳምንት እኛ ቤት ሐዘን ነበር። የሞተው መቶ እግር ነው። አትሳቁ።

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ይመጣና እናቴ ዘንድ ይከርማል። ከጓሮ ካብ ሥር ድንጋይ ሲያገላብጥ ቀላ ያለ፣ ከትንሽ ጣት ያነሰ መቶ እግር አገኘ። በእንጨት እየገፋ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አስገባው፤ ክዳኑን በሚስማር በሳሳው፤ ስምም አወጣለት፦ «መቶ አለቃ»። ስሙን ስሰማ ለብቻዬ ስስቅ ዋልኩ።

የመሐል ሜዳን ብርድ ታውቁታላችሁ። ማታ «ብርድ ይመታዋል» ብሎ ጠርሙሱን ምድጃው አጠገብ አስቀመጠ፤ ቁራጭ ባናም አለበሰው። ለምግብ የእንጀራ ፍርፋሪና የጎመን ቅጠል ጨመረለት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መቶ አለቃ ተጠቅልሎ፣ ደርቆ ተገኘ። ልጁ አላለቀሰም። ጠርሙሱን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ።

እኔም «የነዚህ ዕድሜ አጭር ነው፤ ቀኑ ደርሶ ነው» አልኩት። ውሸት ነው። ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ መቶ እግር ብዙ ዓመት ሊኖር የሚችል ፍጡር ሆኖ አገኘሁት። የገደለው ምድጃው ነው። የመቶ እግር ቆዳ እንደ ጉንዳን ወይም እንደ ጥንዚዛ ቆዳ እርጥበት አይዝም፤ በጎንና በጎኑ ያሉት መተንፈሻ ቀዳዳዎችም በደንብ አይዘጉም። ድንጋይ ሥር ተደብቆ የሚኖረው ለዚህ ነው፤ ደረቅ ቦታ ላይ ካዋልነው ውኃው እየተነነ ያልቃል። ደግሞም አዳኝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት እግሮቹ የመርዝ መንጋጋ ሆነውለት ሌሎች ትንንሽ ነፍሳትን ይዞ ይበላል። ፍርፋሪና ጎመን ምን ያደርግለታል? (በነገራችን ላይ መቶ እግር የለውም። የእግሮቹ ጥንድ ቁጥር ሁልጊዜ ጎዶሎ ስለሆነ በትክክል ሃምሳ ጥንድ ሊሆን አይችልም። የኛውን ልቆጥር ሞክሬ ሁለቴ ተምታታብኝ።)

እንቅልፍ የነሳኝ ግን መቶ እግሩ አይደለም። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊትም ሰምቼው ነበር፤ ያኔም በቅጡ አልመለስኩም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳስተምር የምኒልክን የውጭ ግንኙነት የምጀምረው በሜዳ አህያ ነበር፤ ታስታውሱ ይሆናል። በ1882 ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ተላከ። ኤሚል ኡስታሌ የሚባል የፓሪስ ተመራማሪ አየውና አውሮፓ ከሚያውቃቸው የሜዳ አህዮች የተለየ ነው አለ፤ ሸንተረሩ ቀጫጭን፣ ሆዱ ነጭ፣ ጆሮው ሰፊ። በዚያው ዓመት በፕሬዚዳንቱ ስም «ኤኩዩስ ግሬቪ» ብሎ ሰየመው። ዛሬም ዓለም «የግሬቪ የሜዳ አህያ» ይለዋል። እኔም ክፍል ውስጥ ደረቴን ነፍቼ «አያችሁ? ከኛ አገር የሄደ እንስሳ ሳይንስን አስተማረ» እላለሁ።

አንድ ዓመት ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ከዚያስ የሜዳ አህያው ምን ሆነ?»

«ፈተና ላይ አይመጣም» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

መልሱን አውቀው ነበር እኮ! ሞተ። ፓሪስ ደርሶ ዣርዳን ዴ ፕላንት ወደሚባለው የእንስሳት ማቆያ ከገባ በኋላ ብዙ አልቆየም። ቆዳው ተሞልቶ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ቀረ። ይህን ያልነገርኳት ታሪኩን ስለሚያበላሽብኝ ነው።

እስቲ አሁን በደንብ እንየው። ብዙ የውጭ ጽሑፍ ላኪውን «ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ» ይላል። ይህ ስሕተት ነው፤ በ1882 ንጉሠ ነገሥቱ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ። ምኒልክ ከ1878ቱ የልቼ ስምምነት በኋላ ለዮሐንስ የገበሩ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ከመንዝ የወጣው የነጋሲ ቤት ልጅ። በዚያው በ1882 እምባቦ ላይ ከጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ተዋግተው አሸንፈዋል። የሚፈልጉት ጠመንጃ ነበር፤ ጠመንጃ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ ባሕር ማዶ ደግሞ በባዶ እጅ አይጠየቅም። ስለዚህ ገጸ በረከት።

ገጸ በረከት ለእንስሳው ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን በጎንደር ዘመን የሆነ አንድ ነገር አለ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1660ዎቹ ለሕንዱ ንጉሥ ለአውራንግዜብ መልእክተኞች ላኩ። አንዱ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነው። ይዘውት ከወጡት መካከል ፈረሶችና «ትንሽ በቅሎ» ነበሩበት፤ በቅሎ የተባለው የሜዳ አህያ ነው። ሙራድን የሚያውቀውና ያኔ ዴልሂ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ በርኒየ ጉዞውን ጽፎታል። በቅሎዪቱ መንገድ ላይ ሞተች፤ ቆዳዋን ገፈው ያዙ። ሱራት ወደብ ሲደርሱ ደግሞ በጥር 1664 የማራታው መሪ ሺቫጂ ከተማውን ዘረፈ። የመልእክተኞቹም ዕቃ ተዘረፈ፤ ከተረፈላቸው ጥቂት ነገር አንዱ የሜዳ አህያዋ ቆዳ ነበር። በርኒየ ቆዳውን አይቶ በውበቱ ተደንቋል። ለንጉሥ የወጣች ሕያው እንስሳ ዴልሂ የደረሰችው ተጠቅልላ ነው ማለት ነው።

ሕያው ሆኖ የደረሰም አለ። ከዚያ 40 ዓመት በፊት፣ በ1621፣ ቱርኮች ከኢትዮጵያ ያመጡት የሜዳ አህያ ለአውራንግዜብ አያት ለጀሃንጊር ተሰጥቷል። ሸንተረሩ ቀለም የተቀባ ስለመሰላቸው መርምረው ነው ያመኑት። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ማንሱር የሣለው ሥዕል ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ። ልጓም አድርጎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። ጀሃንጊርም አላስቀመጠውም፤ ለፋርሱ ሻህ አባስ መልሶ ሰጠው። ስጦታ ሲዞር እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ፓሪስ ልመልሳችሁ፤ ነገሩ የተገለጠልኝ እዚያ ነው። የግሬቪ ስጦታ የሞተበት ያው ዣርዳን ዴ ፕላንት፣ ከ55 ዓመት በፊት ሌላ የአፍሪካ እንስሳ ተቀብሎ ነበር። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ለንጉሥ ሻርል 10ኛ የላካት፣ ከሱዳን የተያዘች ግልገል ቀጭኔ ናት። በ1826 በመርከብ ማርሴይ ደረሰች፤ ክረምቱን እዚያው አሳለፈች። በግንቦት 1827 ደግሞ በእግሯ ወደ ፓሪስ ተነሣች። 880 ኪሎ ሜትር ገደማ በ41 ቀን። ፊት ፊቷ የሚታለቡ ላሞች ይሄዳሉ፤ በቀን 25 ሊትር ያህል ወተት ትጠጣለች። ለዝናቡ ካፖርት ተሰፍቶላታል። ትልቁ ሊቅ ዤኦፍሯ ሴንት ኢሌር ሪህ እያሠቃየው አብሯት በእግሩ ሄደ። ከአገሯ ይዘዋት የመጡ ሐሰንና አቲር የሚባሉ ጠባቂዎችም ነበሯት። አቲር ፓሪስ ከደረሱ በኋላም አልተለያትም፤ ከበረቷ ጋር በተያያዘ ክፍል ያድር ነበር። ቀጭኔዋ እስከ 1845 ኖረች፤ ፓሪስ ብቻ 18 ዓመት ያህል።

መሐመድ ዓሊ ለለንደንና ለቪየና የላካቸው ሌሎች ቀጭኔዎች ግን የለንደኗ ሁለት ዓመት ገደማ፣ የቪየናዋ ዓመት እንኳ ሳትሞላ ሞተዋል። ስለዚህ እንክብካቤ ሁሉን ያድናል አልልም። ግን የዚህችን ስትጠጣ የነበረውን ወተት በሊትር፣ የጠባቂዋንም ስም እናውቃለን። ስለ ግሬቪው የሜዳ አህያ በየመጽሐፉ የሚደጋገመው የሰጪው፣ የተቀባዩና የሰያሚው ስም ነው። ማን ያዘው? ማን ሣር አጨደለት? ይህን አንድ መጽሐፍ ላይ አላነበብኩም። ፈረስና በቅሎ እንደ ሰው በሚታወቅበት አገር፣ «ባልደራስ» የሚባል ሹመት ባለበት ቤተ መንግሥት፣ የዚያን እንስሳ ጠባይ የሚያውቅ ሰው አልጠፋም ነበር ብዬ አስባለሁ። እኔም ብሆን ስንት ዓመት ሳስተምር ስለሱ አንዴም አልጠየቅኩም። የጠየቀችው ልጅቷ ናት።

ከእንስሳቱ ስጦታ ሁሉ አልሞቱም። ምኒልክ በ1904 ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለቴዎዶር ሩዝቬልት ከላኳቸው እንስሳት አንዱ «ዳን» የተባለ የሜዳ አህያ ነበር፤ እሱ ዋሽንግተን ለብዙ ዓመት ኖሯል። የአሜሪካ ግብርና ሰዎች ከአህያ ጋር አዳቅለው ጠንካራ የጭነት ከብት ሊያወጡ ሞክረውበታል። አልተሳካም። እሱን ሌላ ቀን።

ግሬቪ ራሱ በ1887 አማቹ ኒሻን ሲሸጥ ተይዞ በቅሌት ሥልጣኑን ለቀቀ። ዛሬ ከፈረንሳይ ውጪ ስሙን የሚያነሳ ቢኖር ስለ አህያው ሲያወራ ነው። አህያው ግን እያለቀ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ 15,000 ገደማ የነበረው ዛሬ 3,000 ያህል ቢቀረው ነው፤ አብዛኛውም ኬንያ ውስጥ። እኛ ጋ ከቀሩት ጥቂቶቹ አለደጊ ናቸው፤ አፋር። ጓሣ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ ገደሉ ሥር የሚጀምረው ያ ቆላ፣ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ የነሱ አገር ነው።

ጓሣን ካነሣሁ አይቀር፣ ቀይ ቀበሮአችን በዓለም ላይ በአንድም መካነ እንስሳት የለም። ያለው ሜዳው ላይ ብቻ ነው። የአስቦና የጌራ ልጆች በቀሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ በተራ እየከፈቱ ሲያጭዱ የኖሩት ለቀበሮው ብለው አልነበረም፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ነበር። ሥርዓቱ በ1975 በመሬት አዋጁ ቢፈርስም ሰዉ በኮሚቴ መልሶ ይዞታል። ቀበሮውም እዚያው ፍልፈሉን እያደነ አለ። ለማንም ተሰጥቶ አያውቅም፤ ይመስገነው።

በማግሥቱ ልጁን ጠርቼ እውነቱን ነገርኩት፤ እሳቱ ነው፣ ድርቀቱ ነው፣ እኔም ዋሽቼሃለሁ አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም? ውኃ እረጭለት ነበር» አለኝ። ያኔማ ሞቶ ነበር ብለው አላሳመንኩትም። መቶ አለቃን ወስደን ካቡ ሥር ቀበርነው፤ ድንጋዩን እንደነበረ ገልብጦ መለሰው።

አንቺ የኋላ ወንበር ልጅ፣ ስምሽን እዚህ አልጽፍም፤ ይህን ካነበብሽ መልሱ ከነይቅርታው ይኸው። ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ከይፋት ወይም ከቀወት ወደ ቆላው የሚወርዱ ዘመዶች ያሏችሁ፣ ድሮ የሜዳ አህያ እንዴት እንደሚያዝ፣ ተይዞስ ምን እንደሚበላ ከአባቶች የሰማችሁት ካለ ከሥር ጻፉልኝ። ትንሽ ነገርም ቢሆን።

ጠርሙሱን እናቴ አጥባ ሚጥሚጣ አድርጋበታለች።