የአነስተኛ ንግድ ድረ ገጽ

የአነስተኛ ንግድ ድረ ገጽ ምግብ ቤት፣ ጋራዥ፣ ክሊኒክ፣ ልብስ ስፌት ቤት ወይም የእንግዳ ማረፊያ ምን እንደሚሸጥ፣ በስንት፣ የትና መቼ እንደሚሸጥ የሚያሳውቅበት፣ በራሱ ስም በተመዘገበ የኢንተርኔት አድራሻ የተከፈተ ገጽ ነው። አድራሻው የንግዱ ንብረት ነው፤ ይዘቱም በሌሊት ለሚመጣ ደንበኛ ባለሱቁ ቆሞ ቢሆን ኖሮ የሚሰጠውን መልስ ይሰጣል። ውጤታማ የሚባለው ይህን መልስ ሳያደክም የሰጠ እንደሆነ ነው። ብዙዎች በጎብኚ ብዛት ይለኩታል፤ ለአንድ ዳቦ ቤት ግን አይተው ካለፉ ሺህ ሰዎች ይልቅ ደውሎ የልደት ኬክ ያዘዘ አንድ ሰው ይበልጣል።

የደንበኛው ጥያቄዎች

ወደ ገጹ የሚመጣ ሰው የሚጠይቀው ጥቂት ነው፦ አለ ወይ? ስንት ነው? የት ነው? አሁን ክፍት ናችሁ? በምን ላግኛችሁ? የእነዚህ መልስ ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ በሚታየው ክፍል ላይ መኖር አለበት። በአገራችን ግን ይህን ቦታ ብዙ ጊዜ የሚይዙት «እንኳን በደህና መጡ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ፣ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት ናቸው። ይህ ልማድ ከመሥሪያ ቤት ግድግዳ የተወረሰ ይመስላል። ጎማው የፈነዳበት ሰው የጋራዡን ራዕይ አይፈልግም፤ ስልክ ቁጥሩን ይፈልጋል። ቁጥሩም ሲነካ የሚደውል መሆን አለበት፤ በፎቶ ላይ የተጻፈ ቁጥር በቀላሉ መገልበጥም መደወልም አይቻልም።

አድራሻ በአዲስ አበባ የራሱ ጣጣ አለው። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ለንግድ ፈቃድ ያገለግላሉ እንጂ ሰውን በር ላይ አያደርሱም። ሰው የሚሄደው በምልክት ነው፦ ከየትኛው ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ከየትኛው ታክሲ ማዞሪያ አለፍ ብሎ፣ ስንተኛ ፎቅ። ስለዚህ ጥሩ ገጽ በሰው አነጋገር የተጻፈ አቅጣጫ፣ የካርታ ነጥብና የበሩን ፎቶ አንድ ላይ ይሰጣል። የበሩ ፎቶ ተራ ነገር ይመስላል፤ ከታክሲ ወርዶ ዙሪያውን ለሚያማትር ሰው ግን ትልቅ እፎይታ ነው።

የሥራ ሰዓትም እንዲሁ። «ከ2፡00 እስከ 12፡00» የሚለው ለአዲስ አበባ ሰው ግልጽ ነው፤ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ሆኖ ለእናቱ ስጦታ ለሚያዝ ልጅ ግን የስድስት ሰዓት ስሕተት ሊያመጣ ይችላል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ማለት፣ ወይም ሁለቱንም አቆጣጠር መጻፍ ችግሩን ያስቀራል። በጎግል ካርታ ላይ የሚሞላው ሰዓት ደግሞ በፈረንጁ አቆጣጠር መሆን አለበት፤ አለዚያ ካርታው ክፍት የሆነውን ቤት ዝግ ነው ይለዋል። ምግብ ቤት ከሆነ በጾም ወቅት ምን እንደሚያቀርብ፣ በፋሲካና በጥምቀት መክፈት አለመክፈቱን መጻፍ ብዙ የስልክ ጥያቄ ያስቀራል።

ብዙ ክርክር ያለው በዋጋ ላይ ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ነጋዴውን ከተፎካካሪ የሚከልለው ይመስለዋል፤ ደንበኛው ግን ዋጋው ሰው እየታየ የሚቆረጥ ነው ብሎ ይጠረጥራል፣ አብዛኛውም ሳይጠይቅ ያልፋል። በእርግጥ የብር ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። መፍትሔው ግን ዋጋውን ከነቀኑ መጻፍ ነው። መነሻ ዋጋ እንኳ ከዝምታ ይሻላል።

በአሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ነው ወይስ ስንዴ ወይም ገብስ አለበት? ግሉተን ለማይስማማው ሰው ይህ የጤና ጉዳይ ነው። ክትፎው ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይም የበሰለ ሆኖ መታዘዝ መቻሉም ምግቡን ለማያውቅ ሰው አንድ መስመር ማብራሪያ ይፈልጋል።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በቢ. ጄ. ፎግ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ድረ ገጽ ታማኝነት ያወጣው ምክር ከገጹ በስተጀርባ እውነተኛ ተቋም መኖሩን ማሳየትንና በቀላሉ መገናኘት መቻልን ይጨምራል። በእኛ ዘንድ ይህ ማለት የባለሙያዎቹ እውነተኛ ፎቶ፣ የንግድ ፈቃድ ቁጥርና የማይቀየር ስልክ ነው። ከሌላ አገር ገጽ የተቀዳ የፈገግታ ፎቶ አመኔታ ያሳጣል።

ክብደትና ፍጥነት

የኢትዮጵያ ተጠቃሚ በአብዛኛው የሚገባው በስልክ፣ በገዛው የዳታ ጥቅል ነው። አንድ ሺህ ቃል የአማርኛ ጽሑፍ 20 ኪሎባይት ቢሆን ነው፤ ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የወጣ አንድ ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ 3 ሜጋባይትና ከዚያም በላይ ነው። እንዲህ ያሉ አሥር ፎቶዎች የተጫኑበት ገጽ የደንበኛውን ጥቅል ይበላል፤ መረቡ ሲደክምም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያንኑ ፎቶ ወደ ስልክ ስክሪን መጠን አሳንሶ ከ200 ኪሎባይት በታች ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው፣ ዓይንም ልዩነቱን አይለይም።

የአጠቃቀም ምቹነት ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 እንደጻፈው ሰው አንድ ሰከንድ ቢጠብቅ ሐሳቡ አይቋረጥም፤ ከአሥር ሰከንድ በኋላ ግን ትኩረቱ ይሄዳል። ጎግል በበኩሉ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የድረ ገጽ ንድፍ ባለሙያው ኤታን ማርኮት ያስተዋወቀው አሠራር አንድ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን እንዲያስተካክል አድርጓል፤ ዛሬ ዝግጁ አብነቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ይዘው ይመጣሉ። ዘወትር የሚዘነጋው ቀለም ነው። በነጭ ላይ የተጻፈ ደብዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን ለሚያይ ሰው አይነበብም።

ፊደልና ፍለጋ

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ አማርኛ በዘመናዊ ስልኮች ላይ ሊታይ ይችላል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው፤ በእነዚያ የተጻፈ ጽሑፍ ሳይለወጥ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ከዚህ የባሰው አማርኛውን በፎቶ ላይ ጽፎ መስቀል ነው፤ በፎቶ ውስጥ ያለውን ቃል የፍለጋ ሞተር በአግባቡ አይዘረዝረውም፣ ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ሶፍትዌርም ብዙ ጊዜ ይዘለዋል።

የአማርኛ ሞክሼ ፊደላትም ለነጋዴ የገንዘብ ጉዳይ ናቸው። አንዷ ሙሽራ «የሠርግ ልብስ» ብላ ስትፈልግ ሌላዋ «የሰርግ ልብስ» ትላለች፤ «ፀጉር ቤት» የሚልም «ጸጉር ቤት» የሚልም አለ። ባለቤቱ አንዱን አጻጻፍ በርዕሱ፣ ሌላውን በማብራሪያው ቢጠቀም ሁለቱም ያገኙታል። የሰፈሩንም ስም መጥራት አለበት፦ «መገናኛ አካባቢ የጥርስ ክሊኒክ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ለመምጣት የተዘጋጀ ነው።

ክፍያ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል የተለመደ ሆኗል፤ እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ አገናኞችም ክፍያውን ገጹ ላይ ያመጡታል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረግ ውል ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። የደንበኛን ስምና ስልክ የሚሰበስብ ነጋዴ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማወቅ ይገባዋል።

ባለቤትነት

ብዙ ሱቆች የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ይበቃናል ይላሉ። ገበያው እዚያ ስለሆነ መኖራቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን መድረኮቹ የኪራይ ቤት ናቸው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ለአምስት ወር ያህል ተገደቡ። በዚያን ጊዜ ሌላ አድራሻ ያልነበረው ነጋዴ ደንበኞቹን የሚያገኝበት መንገድ ጠበበው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ኢንተርኔቱ በሙሉ ሲቋረጥ በእርግጥ የራስ ገጽም በአገር ውስጥ አይከፈትም።

የድረ ገጽ ቴክኖሎጂ የማንም አይደለም፤ ቲም በርነርስ ሊ የፈጠረውን ይህን ሥርዓት የጄኔቩ የምርምር ተቋም ሰርን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ያለ ክፍያ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። የሚከፈለው ለአድራሻው ምዝገባና ለማስቀመጫው ነው። የኢትዮጵያን «ነጥብ ኢቲ» አድራሻ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ገጹን የሠራው ባለሙያ አድራሻውን በራሱ ስምና ኢሜይል አስመዝግቦ ሲገኝ፣ ሲጣሉ ወይም አገር ሲለቅ ነጋዴው ለዓመታት ያስተዋወቀውን ስም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ገጽ ያለው ሁሉ ሦስት ነገር ያጣራ፦ አድራሻው በማን ስም ተመዝግቧል፣ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ነው፣ የእድሳቱ ቀን መቼ ነው።